የዘማቾቹ መዝገብ ቆሎ ተጠቀለለበት
ለወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ተመዝኖ ስለተሸጠው የ1969 ዓ.ም. ዘማቾች መዝገብ

ክቡር አስተዳዳሪ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን፣ በካራማራ ድል መታሰቢያ፣ የምንሰባሰብ የዘማች ቤተሰቦችን ወክዬ ነው። ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል፤ ሁለት ጊዜም በአካል መጥተን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ውለናል። መልስ ስላጣን ነገሩን አደባባይ አውጥተነዋል። የወረዳውንም ሆነ የሠራተኞቹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ሰው የማዋረድ ሐሳብ የለንም። እርስዎ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ያውቁታል።

ነገሩ የጀመረው ከቆሎ ነው። ባለፈው ጥር ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ የአሥር ብር የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ ከአጠገቧ ከተቆለለው አሮጌ ወረቀት አንዱን ቅጠል አንሥታ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ቆሎውን ሳህን ላይ ስገለብጠው ወረቀቱ በእጅ የተሠመረ ሠንጠረዥ ሆኖ አገኘሁት። ተራ ቁጥር፣ የዘማቹ ስም ከነአባቱ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ መሬት በጥማድ፣ በሬ፣ ማሳውን ያረሱለት ሰዎች፣ ምርመራ። አሥራ አንድ ስሞች ነበሩ። ከሦስቱ አንጻር በቀይ ቀለም «አልተመለሰም» ተብሏል። መምህርት ነኝና የእጅ ጽሕፈት እለያለሁ፤ ስሞቹን የጻፈውና ቀዩን ቃል የጻፈው ሰው አንድ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ገበያው ሳይሞላ ደረስሁ። ከቁልሉ የተረፈው ሃያ ሦስት ቅጠል ነበር። ነገሩን ስነግራት ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የሰው ስም እየቀደድሁ ቆሎ ስሸጥበት ከርሜያለሁ» አለች፤ ገንዘብም አልቀበልም ብላ ሁሉንም ሰጠችኝ። እሷ ወረቀቱን በኪሎ የገዛችው ከአንድ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ የገዛው ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው። ወደ አዲሱ ሕንጻ ስትዛወሩ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር «አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ መዝኖ እንደሸጠው ከኮሚቴው አባላት አንዱ ራሱ ነግሮናል። ስለ እውነተኛነቱ እናመሰግነዋለን።

መዝገቡ ምን እንደነበር ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በየገበሬ ማኅበሩ የሚዘምት ሰው ተመደበ። ጎጃምም የድርሻዋን ላከች። ሁሉም በፉከራና በቀረርቶ ሄደ ብዬ አልዋሽም፤ ወዶ የሄደ አለ፣ ቁጥር ይሙላ ተብሎ የሄደ አለ፣ ሚስቱ አራስ ሆና እያለቀሰ የሄደም አለ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ከፊሎቹ ወደ ሰሜን፣ ከፊሎቹ ወደ ምሥራቅ ተላኩ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መደበኛ ጦር በታንክ ድንበር ጥሶ ኦጋዴንን ወረረ። ድሬዳዋ በር ላይ ደረሰ፤ መስከረም 1970 ጅግጅጋን ያዘ። ያኔ ከወይና ደጋ ማሳው የተነሣው ገበሬ ስሙን እንኳ ሰምቶ በማያውቀው አገር ምሽግ ይቆፍር ነበር። የካራማራ ተራራ ምሽግ ተሰብሮ ጅግጅጋ የተመለሰችው በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ነው።

ዘማቹ ማሳውን ጥሎ ሲሄድ የገበሬ ማኅበሩ በደቦ ሊያርስለት፣ ሊያጭድለት፣ ሊወቃለት ግዴታ ነበረበት። መዝገቡ የተከፈተው ለዚህ ነው። ማን ሄደ? መሬቱ ስንት ጥማድ ነው? ዘንድሮ ያረሱለት እነማን ናቸው? የጦር ሠራዊት መዝገብ አልነበረም፣ የእርሻ መዝገብ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከጦሩ በኩል ለእኛ የደረሰ አንድም ወረቀት የለም። ስለዚህ ያ የእርሻ መዝገብ የእነዚህ ሰዎች ብቸኛ የዘመቻ ማስረጃ ሆኖ ኖረ፤ መጋዘን ውስጥ አይጥም ምስጥም ያልበላውን የሰው ሚዛን በላው።

የእኔን ቤት ላንሣ። አባቴ የዘመተው ግንቦት 1969 ነው፤ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለጤፍ የሚሆነውን ማሳ ሁለተኛ እርሻ አጋምሶት ነበር። በሬዎቹን ፈትቶ፣ ቀንበሩን ማሳው ዳር አስደግፎ መጣ። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ስታለቅስ አላየኋትም። «አባትህ ጣልያንን የተዋጋው በእግሩ ሄዶ ነው፤ አንተ በመኪና ትሄዳለህ» ብላ ሸኘችው። ወንድ አያቴ አርበኛ ነበሩ። አምስት ዓመት በዱር ቆይተው፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከሕዝቡ መካከል ቆመው አይተዋል። ኒሻናቸውና ማኅተም ያለበት ወረቀታቸው እስከ ዛሬ ከሣጥኑ ሥር አለ። በበዓል ቀን ይወጣል፣ ይወለወላል፣ ልጆች ይነኩታል።

ከአባቴ የመጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 1970 ከሐረር የተላከ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፣ ምክንያቱም አባቴ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይሆንለትም ነበር። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለበትም። ያጋመስሁትን ማን ጨረሰው? ጤፉ ተዘራ ወይ? ዳለቻው በሬ እግሩ ዳነ ወይ? ደቦው በሰዓቱ መጣ ወይ? እናቴ ለዚህ ሁሉ መልስ አስጽፋ ላከች፤ ይድረሰው አይድረሰው አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። አባቴ የጠየቃቸው ጥያቄዎች በሙሉ መልሳቸው መዝገቡ ውስጥ ነበር፤ ማን እንዳረሰ፣ በስንት በሬ፣ በየትኛው ቀን። በእጄ ያሉትን ሃያ አራት ቅጠሎች ደጋግሜ አገላብጫለሁ። የአባቴ ገጽ የለም። አንዱ ሰው ቆሎ በልቶበት ጥሎታል ማለት ነው።

ክቡር አስተዳዳሪ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

አንደኛው ቅሬታችን መዝገቡ ሲሸጥ ማንም አለመጠየቁ ነው። ኮሚቴው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሯል፤ የመዝገቦቹን ርእስ ግን ያነበበ የለም። በአካል ስንመጣ የተሰጠን መልስ «ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ወረቀት ለማን ይጠቅማል?» የሚል ነበር። ለማን እንደሚጠቅም በዚያው ሳምንት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት በር አልፎ ማየት ይቻል ነበር። አንድ የዘማች ልጅ የእናቱን ይዞታ ደብተር ለማስተካከል መጥቶ የአባትህን የሞት ማስረጃ አምጣ ተብሏል። መቼ ሞተ? የት ሞተ? ማን ቀበረው? ልጁ፣ ልጁ ስል ስድሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው ነው፣ አባቴ ዘምቶ ቀረ ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። ከዘመተበት ክፍል ደብዳቤ አጽፈህ ና አሉት። ክፍሉ የተበተነው በ1983 ነው። እህሉን ሸጦ አዲስ አበባ ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። አንደኛው ክፍላችሁ ማስረጃ አምጣ ሲል ሌላኛው ክፍላችሁ ማስረጃውን በኪሎ ይሸጥ ነበር።

አሁን ቆብ ደፍተው እማሆይ የሆኑ አንዲት እናት አሉን። ባለቤታቸው ሲዘምቱ የሃያ ዓመት ሴት ነበሩ። መርዶ አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ የለም፣ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። ዘመድ አግቢ ቢላቸው እምቢ አሉ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማምተው ከዐሥር ዓመት በላይ የታሰሩ ምርኮኞች ሲመለሱ፣ እማሆይ ስንቅ ቋጥረው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፤ ሦስት ሳምንት ከተመላሾቹ እያንዳንዱን ጠየቁ። አንዱ «በስም አላውቀውም እናቴ፤ መልኩ ምን ይመስላል?» አላቸው። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። «መልኩ ጠፋብኝ» ይላሉ። ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ከዚያ ተመልሰው ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተው አስለቀሱ፤ ፍትሐት አስደረጉ። እናንተ የሸጣችሁት መዝገብ የዚያን ሰው ስም ከነአባቱ ስም፣ ከነመሬቱ ስፋት ይዞ ነበር። እማሆይ ማንበብ አይችሉም፤ ግን የት እንደተቀመጠ ያውቃሉ። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲከፋፈል ባለቤታቸው በገበሬ ማኅበር ኮሚቴነት ጥቂት ወራት ሠርተው ስለነበር ቤቱ የደርግ ዘመን ሹመኛ ተብሎ በ«ቢሮክራት» ተመድቦ ከአራት ቃዳ በላይ ያለው መሬት ተቆረጠባቸው። ሲዘምት ጀግና፣ መሬት ሲከፈል ቢሮክራት ይላሉ እማሆይ፤ ይህን ሲሉ ደግሞ ይስቃሉ።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ አዳራሹ ነው። ዘንድሮ የካቲት 26 ቀን ለግማሽ ቀን አዳራሹን ብትፈቅዱልን ጠይቀን ነበር። ጠላና ዳቦ እኛው እናቀርባለን፣ ወንበሩንም እናጸዳለን ብለናል። በጽሑፍ የተሰጠን መልስ የለም፤ በቃል ግን «የደርግ በዓል ነው» ተባልን። እኛም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተሰባሰብን፤ ጥላው ከአዳራሹ ይሻላል፣ ለእሱስ አንከሰስም።

ግን «የደርግ» የምትለውን ቃል ዝም ብለን አናልፋትም። የጠራቸው ደርግ ነው፣ እውነት ነው። የመጣባቸው ግን የዚያድ ባሬ ታንክ ነበር። ገበሬው መንግሥቱን መርጦ አልዘመተም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ደርግ በየቤታችን ያደረሰውን እኛ አንረሳውም፤ ከዘማቾቹ ልጆች መካከል በቀይ ሽብር አጎታቸውን ያጡ አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘን መኖር ለእኛ አልከበደንም። ለመሥሪያ ቤቱ ለምን እንደከበደው ነው ያልገባን። ጎጃም ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ ታውቃለች። በላይ ዘለቀ ጣልያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ የሚጠራው በማን ስም እንደሆነ ክቡርነትዎ አይጠፋዎትም። በመካከል ስሙን ያቆዩት ዘፋኞችና አልቃሾች እንጂ ቢሮ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ትግላችን ሐውልት ሥር የካራማራ ድል በይፋ ይታሰባል፤ ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው የሞቱት የኩባ ወታደሮችም እዚያው ይታሰባሉ። ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። ከእኛ ቀበሌ ሄዶ ከእነሱ ጎን የወደቀው ገበሬ ግን በገዛ ቀበሌው አዳራሽ ስሙ እንዳይጠራ መከልከሉ ከየት የመጣ ሕግ ነው?

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ነገር የሚያጣምም ስለማይጠፋ። የካቲት 26ን የምናስበው በሶማሌ ወገኖቻችን ላይ ቂም ይዘን አይደለም። ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ የሚማር አንድ የጅግጅጋ ልጅ ከተማሪዬ ጋር ወደ ዋርካው መጥቶ ነበር። አያቱ በዚያ ጦርነት ከጅግጅጋ ተሰድዳ ሐረር እንደወለደች፣ የወለደችውም እናቱን እንደሆነ አጫወተን። እማሆይ አጠገባቸው አስቀምጠው እንጀራ አጎረሱት። በዋርካው ሥር ከተነገረው ሁሉ የበለጠ ያስለቀሰን እሱ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ነው። ከእኛ ቀበሌዎች ዘምተው በሕይወት የተመለሱ፣ ዛሬም ያሉ፣ የምናውቃቸው አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አባት ግራ እጃቸውን ምሥራቅ ጥለው መጥተዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን የጡረታ ነገር በዚያው ቀረ፤ ስለ እሱ ማውራት አይወዱም፣ እኔም አላወራም። እኚህ አባት አብረዋቸው የሄዱትን ሰዎች የሚቆጥሩት በስም ተራ ሳይሆን በጭነት መኪናው ላይ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ነው። «በቀኝ በኩል ከካቢናው ጀምሮ እገሌ፣ ከእሱ ቀጥሎ የእገሌ ታናሽ ወንድም፣ እሱ ዓባይን ስንሻገር ያስመለሰው» እያሉ ይቀጥላሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሠላሳ አራት ስም ጽፌያለሁ። በግራ በኩል የኋለኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። እዚያ የተቀመጡት ስድስት ሰባት ሰዎች ከሌላ ቀበሌ ናቸው፤ ፊታቸውን ያስታውሳሉ፣ ስማቸውን አያስታውሱም። መዝገቡ ቢኖር አንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነበር። እኚህ አባት ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውም እየተከተለው ነው።

የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ። ሐውልት አልጠየቅንም። ገንዘብም አልጠየቅንም፤ ገንዘብ የሚጠይቁ መበለቶች መብታቸው ነው፣ ይህ ደብዳቤ ግን ስለዚያ አይደለም።

በአሮጌው መጋዘን የቀረ ወረቀት ካለ፣ እንዳለም ሰምተናል፣ የዘማች ቤተሰብ ተወካይ በተገኘበት ሳይመረመር አንድም ቅጠል እንዳይወጣ በጽሑፍ ትእዛዝ ይስጡልን። የተሸጠውን ወረቀት የገዛው ነጋዴ ማን እንደሆነ በሽያጭ ሰነዳችሁ ላይ አለ፤ ቀሪውን እንድንገዛው ስሙን ይንገሩን፣ በገዛበት ዋጋ እኛው እንገዛዋለን። ለቀበሌዎቹ ደብዳቤ ጽፈው ከየዘማች ቤቱ ስም እንዲሰበሰብ ያድርጉ። ብዕሩንም ደብተሩንም እኛ እናመጣለን፤ ከእናንተ የምንፈልገው ማኅተሙን ነው። አዲሱ ዝርዝር ሲጠናቀቅ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ አንዱ በእኛ ዘንድ ይቀመጥ። ሦስት የምንለው ስላላመንናችሁ ነው፣ ቅር አይበላችሁ። የአባታቸውን ሞት የሚያስረዳ ወረቀት ላጡ ልጆች ደግሞ በዚህ ዝርዝርና በሽማግሌዎች ቃል ላይ ተመሥርቶ ዘምቶ አልተመለሰም የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጥ። አዳራሹን በሚመለከት ለሚመጣው የካቲት 26 ጥያቄያችንን ከአሁኑ አስገብተናል፤ ትከለክሉን እንደሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁን።

በመጨረሻም ሃያ አራቱ ቅጠሎች እኔ ቤት፣ በአያቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከኒሻናቸው ጋር ተቀምጠዋል። የመንግሥት ንብረት ነው ብላችሁ ልትረከቡ ሰው የምትልኩ ከሆነ ስሙን በስሙ ዘርዝሮ የሚፈርምበት የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ ይዞ ይምጣ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

የዘማች ልጅና የአርበኛ የልጅ ልጅ፣ መምህርት፣
የዘማች ቤተሰቦች ስብስብ ጸሐፊ
ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለቀበሌ አስተዳደሮች
ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ
ለዘማች ቤተሰቦች በሙሉ